የኢንዛይሙ ዘመዶች እስከ ሰባት ቤት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ፣ ዕለቱ ማክሰኞ መሆኑ በይፋ ታወጀ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ የፈጠራ መብት የሚሰጥበት ቢሮ ደረስኩ። ሹማምንቱ ፋይል ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ባለጉዳዮቹ በመስኮት ብቅ እያሉ «ነገ ተመለሱ» ይሏቸዋል። እኔን ብልቃጥ ውስጥ ከተቱኝና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ።

መርማሪው የገዛ ኢንዛይሜ ነበር፤ ከበግ ቆዳ ላይ ፀጉር እንዲያረግፍ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠባዩን ስለዋውጥ የኖርኩት። ክራባት አስሯል። መብቱን ከከለከለኝ የምሠራበት የቆዳ ፋብሪካ ቤተ ሙከራዬን ዘግቶ ወደ ቆዳ አጠባ ይመልሰኛል።

«ማመልከቻህ ላይ እኔንም፣ ዘጠና በመቶ እኔን የሚመስሉትንም ሁሉ የኔ ናቸው ብለሃል» አለኝ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ዘመዶቼን እኮ ነው! በል ቁጠራቸው። እስከ ሰባት ቤት።»

«እርስዎን በደንብ ገልጫለሁ። ሌሎቹም ያው እንደርስዎ...»

«አይተሃቸዋል?»

«አላየኋቸውም።»

«ሳታያቸው ነው የወሰድካቸው?»

በሩ ተከፈተና ዘመድ አዝማዱ ጎረፈ። ሁሉም ቁርጥ መርማሪውን ይመስላሉ። አንዱ ፀጉር ያረግፋል፣ አንዱ ያበቅላል፣ አንዱ ይጎነጉናል። አንዲት አሮጊት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እሷስ ምን ትሠራለች?» አለኝ መርማሪው።

«ፀጉር ታረግፋለች» አልኩ በድፍረት።

«ኧረ በሞቴ!» አለች አሮጊቷ። «ከተወለድኩ ሥራ ነክቼ አላውቅም!»

ጸሐፊው፣ አንድ ሙክት በግ፣ «አልገለጸም» ብሎ ጻፈ።

ብልቃጡን ከውስጥ ደበደብኩት። «ሌሎቹ ይቅሩብኝ! እርስዎን ብቻ! እርስዎን እንኳ አውቅዎታለሁ!»

መርማሪው ክራባቱን አላላ። ምን እንዳሳፈረው እንጃ፣ አንገቱን ደፋ።

ስልክ ጮኸና ነቃሁ። እትዬ አስካለ ናቸው፣ ፋብሪካው ውስጥ ቆዳ የሚዘፈዝፉልኝ ሴትዮ።

«ልጄ፣ ማመልከቻህን የሚያዩት ሰዎች መጥተዋል። ቆዳው የተዘፈዘፈበትን በርሜል ከበው ፀጉሩ እስኪረግፍ እየጠበቁ ነው።»

«መድኃኒቴን፣ ኢንዛይሙን፣ ጨመሩበት?»

«ጨምሬያለሁ። እሱማ ብቻውን መች አርግፎ ያውቃል? አንጀቴን ስትበላኝ እኔ ነኝ እንጂ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ድሮው የፀጉር ማርገፊያ ኖራ ጣል የማደርግበት።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አሁንም ይዤዋለሁ። እያዩኝ ልጨምረው ወይስ ዞር እስኪሉ ልጠብቅ?»

ከጎናቸው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።