ድንጋይ ያቀፈችው ዶሮዬ

ሰላምታ ሳይጨርስ «አይሆንም» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ደባርቅ አንድ አለን። ስለ ወፍ ተምሬያለሁ ይላል፤ ይማር፣ ማን ከለከለው?

ታች አምና በሰኔ፣ ጎርፍ ረግረጉን ሲያጥለቀልቀው ያቺ ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ ጎጆዋን ጥላ ሸሸች። ዘሯ ሊጠፋ ነው የሚሏት ይቺው ናት። ታዲያ ዝም ብዬ ልይ? ስድስቱን እንቁላል ሰብስቤ ለዶሮዬ አሳቀፍኳት። መቼም ጎደሎ ቁጥር ካልሆነ ማቀፍ አይቀናም፤ ሰባት እንዲሞላ እንቁላል የመሰለች ድንጋይ ጨመርኩ።

ሰውየው መጥቶ አየና «አይሆንም፣ አባቴ! ያለ ማሽን አይፈለፈልም። ደግሞ ድንጋይም ሊያስፈለፍሉ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

«አንተ ሳቅ፣ እሷ ትቀፍ» አልኩት።

ስድስቱም ተፈለፈሉ! በመስከረም ረግረጉ ላይ ለቀቅኳቸው። ዶሮዬ ዳር ቆማ እሪ ስትል እነሱ እየዋኙ ከዱር ዝዮቹ ተቀላቀሉ። ዘንድሮማ ሁለቱ የራሳቸውን ጫጩቶች አስከትለው መጡ።

ሰውየው በመነጽሩ አሻግሮ ቆጠራቸው፤ ደግሞ ቆጠራቸው። «ግን እኮ አይሆንም ነበር» አለኝ።

ድንጋይዋን ከኪሴ አውጥቼ አስጨበጥኩት።

«እውነትክን ነው ልጄ፤ ይቺ አልሆነችም።»