ጋሽ እንፋሎትና የልብስ ሰፊዋ ቦሎቄ

ድስት መግዛት ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ጋሽ እንፋሎትን አያውቃቸውም ማለት ነው። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይጠይቁት የሚመልስ፣ ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ የተናገረው ሁሉ ልክ የሚሆን።

ጋሽ እንፋሎት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ቦይለር ሲጠብቁ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረው ጡረታ ወጡ። አመል ግን ጡረታ አይወጣም። እንፋሎት ያለበት ነገር ሁሉ በሥልጣናቸው ሥር ስለሚመስላቸው፣ በሕንፃው ውስጥ ያለው ፕሬዠር ድስት በሙሉ እሳቸው ሳይመረምሩት አይጣድም። ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ "ክቡር የክዳን ኮሚሽነር" ትላቸው ነበር፤ እርግጥ ዘወር ሲሉ ነው።

ይህችው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተያዘች። "የት እየሄድሽ ነው?" ሲሏት "ድስት ልገዛ" ብላ እውነቱን ተናገረች። አብረው ሄዱ። ሱቁ ውስጥ ክዳኑን ወደ ብርሃን አንስተው በእንፋሎት መውጫዋ ቀዳዳ አጮለቁ፤ ላስቲኩን አውጥተው ለጠጡት፣ አሸተቱት፤ እጀታውን ነቀነቁት።

"የዚህ መለዋወጫ ላስቲክ አለህ?"

"ለዚህኛው እንኳ የለም አባባ።"

"እንግዲያው እየሸጥክ አይደለም፤ ላስቲኩ እስኪያልቅ እያከራየህ ነው።"

ባለ ሱቁ ፊቱ ጠቆረ። እሷ ዓይኗ ያረፈው ስምንት ሊትሩ ላይ ነበር፤ እሳቸው ግን ቂጡ ወፈር ያለውን ባለ ሦስት ሊትሩን አቀፉላት። "ለአንድ ሰው ይቺ ትበቃለች። ትልቅ ድስት ትንሽ ምግብ ሲገባበት ያሳርራል።" ብቻዋን መኖሯን ሱቅ ሙሉ ሰው ፊት ስላወጁባት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አንድ ሳምንት አኮረፈቻቸው።

ኩርፊያ ግን እሳቸውን አይመልስም። የድስቷን ፉጨት በሰሙ ቁጥር በሯን ያንኳኳሉ።

"ከግማሽ በላይ ሞላሽው እንዴ? ቦሎቄ እኮ ያብጣል፤ አረፋው ቀዳዳዋን ይደፍናል።"

"አልሞላሁም ጋሼ።"

"ማፏጨት ስትጀምር እሳቱን ቀነስሽ?"

"ቀንሻለሁ ጋሼ።"

"ግፊቱ ሳይወጣ ክዳኑን ታገይውና ከጣሪያ ላይ እንለቅምሻለን!"

የጀመረችው ቀሚስ ከመርፌው ሥር እንደቆመ ይቀራል። ምነው ይህ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ ዝም ባለ፣ ትል ነበር።

ኋላ ባለቤታቸው ታመሙ። ጉሮሯቸው ጠጣር ነገር አልቀበል አለ። ጋሽ እንፋሎት ሥጋው እስኪፈራርስ ያበስላሉ፣ አትክልቱን ያደቃሉ፣ በማንኪያ ይዘው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ማንኪያው እንደሞላ ይመለሳል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከላይ የማረር ሽታ መጣ። ልብስ ሰፊዋ እየሮጠች ወጣች። ልጆቻቸው ሁሉ ቤት በነበሩ ጊዜ የተገዛው ትልቁ ድስታቸው ውስጥ አንድ እፍኝ ምስር ከሰል ሆኗል። እሳቸው ከመኝታ ቤቱ አልተነሱም።

"ፉጨቱ ሲቆም ሰምቼዋለሁ" አሉ። "ግን እጄን ይዛኛለች።"

አንጀቷን በሏት። እሳቱን አጠፋች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ወርዳ የራሷን ትንሽ ድስት አምጥታ ምስሩን እንደ አዲስ ጣደች። ያን ዕለት ባለቤታቸው ሦስት ማንኪያ ቀመሱ። ጋሽ እንፋሎት ስለ ሦስቷ ማንኪያ ለሕንፃው ሰው ሁሉ ነገሩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሴትየዋ አረፉ።

ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ጋሽ እንፋሎት ዝም አሉ። ድስት ቢያፏጭ አይወጡም፣ በር አያንኳኩም። ጎረቤት ያመጣላቸው ምግብ ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ይውላል። ልብሳቸው ሰፋቸው፤ ሱሪያቸውን ለማጥበብ የለካቻቸው እሷ ስለሆነች በስንት ጣት እንደ ከሱ ታውቃለች። ያ ስትመኘው የኖረችው ዝምታ መጣላትና ክፉኛ አስፈራት። እንዲህ ከቀጠሉ ሚስታቸውን ይከተላሉ።

በማግስቱ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ ድስቷን ታቅፋ ወጣች።

"ጋሼ፣ ቦሎቄው አልበስል ብሎኛል።"

ሆን ብላ ሳትዘፈዝፍ የጣደችው ነው። እሳቸው አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሞከሩና ተቆጡ። "ደረቁን ነው እንዴ የጣድሽው? ስንት ጊዜ ልንገርሽ!" ውሃ ጨምረው መልሰው ጣዱት፤ ሲበስል ሁለቱም በሉ። በሁለተኛው ቀን ድንቿን እስኪሟሟ አብስላ መጣች። በሦስተኛው ላስቲኩን ጠማማ አድርጋ አስገባችው። በአራተኛው ቀን ውሸት አልቆባት ሥጋውን ያለ ውሃ ልትጥደው ነበር፤ ድስቷ አሳዘነቻትና ተወችው፤ ብቻ "ጠነከረብኝ" አለች።

በአምስተኛው ቀን ጋሽ እንፋሎት ክዳኑን እየከደኑ ቆም አሉ።

"እሷም ይሄ ድስት አይገባኝም ትለኝ ነበር" አሉ። "ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እየጠራችኝ አስከድናኛለች። እህቷ ለለቅሶ መጥታ ነው የነገረችኝ፤ ለካ ሳንጋባ በፊት እናቷ ቤት በዚሁ ዓይነት ድስት የምታበስለው እሷው ነበረች።"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ጋለ፤ እንባዋም ቀደማት።

ጋሽ እንፋሎት ድስቱን እሳት ላይ አደረጉና ወንበር ሳቡላት። እሳቸውም ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

"ነገስ ምን ሊበላሽብሽ ነው?" አሏት።