የአክስቴ አረንጓዴ ልብ

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ ትልልቅ ሰዎች። እውነታቸውን ነው። ስምንተኛ ክፍልን ለጥቂት አልፌ እስክጨርስ ድረስ በእኔም አፍ አንድም ዝንብ ገብቶ አያውቅም። አስተማሪ ሲጠይቀኝ መሬት አያለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። ሰፈሩም «ጨዋ ልጅ» ይለኛል። ተረቱን የተናገረው ሰው ግን አንድ ነገር ረስቷል፤ ዝንብ በማይገባበት አፍ ቃልም አይወጣም። አንዳንድ ቃል ደግሞ ሳይወጣ ሲቀር ሰው ይጎዳል።

የምኖረው አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ የሚባል ሰፈር፣ ከአክስቴ ከአማረች ጋር ነው። አክስቴ ሙዝ ነጋዴ ናት። ጠዋት ከከተማው ወጣ ብላ፣ ሙዝ የሚበቅልበት ላንቴ ሄዳ ከገበሬ ትረከባለች፤ በባጃጅ ጭና አምጥታ ገበያ ትሸጣለች። በአንድ እጇ የሙዝ ዘለላ አንጠልጥላ በሌላው እጇ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ያያት ሰው ይህቺ ሴት ትደክማለች ብሎ አያስብም።

ቱኬዋን ካልጠጣች ግን ዓይኗ አይገለጥም። ቱኬ፣ ለማያውቅ ሰው፣ የቡናውን ፍሬ ትተን ቅጠሉን ቀቅለን የምንጠጣው ነው። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ይገባበታል። ጨውም ይገባበታል። ስኳር የሚጨምር ሰው ካለ ምክር ያስፈልገዋል። የማፈላው እኔ ነኝ፤ የአክስቴን የጨው ልክ ከእኔ ጣቶች በቀር የሚያውቅ የለም። በጠጣች ቁጥር እጅሽ ይባረክ ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ ናትናኤል የሚባል ወጣት ቤታችን መጣ። ከጓደኞቹ ጋር በስልክ የሚሠራ አፕ እያዘጋጀ ነው። አፑ ሰውን ስለ አኗኗሩ ይጠይቅና ልቡ ለበሽታ የተጋለጠ መሆን አለመሆኑን ይነግረዋል፤ ሰው ከመታመሙ በፊት እንዲጠነቀቅ። ስሙ «ልብ ይበሉ» ነው። አክስቴ አማርኛን የተማረችው ገበያ ውስጥ ስለሆነ «ልብ ይብሉ» ብላ ሰማችው። እኛ ቤት ሥጋ የሚገባው ለበዓል ነው፣ ልብ ደግሞ ከየት አባቱ ይመጣል ብላ በጋሞኛ ጠየቀችኝ። ለእንግዳው መተርጎም ነበረብኝ። አፈርኩና ተውኩት።

ናትናኤል የመጣው አፑ የት ላይ እንደሚያነክስ ለማየት እንደሆነ ነግሮን ነበር። እኔ ግን ስህተቱን ከሰው ቤት የሚለምን ሰው አይቼ ስለማላውቅ ለጨዋታ ያህል መሰለኝ።

ቱኬ ቀዳሁለት። አንዴ ፉት አለና ሾርባው ይጣፍጣል አለ። ማን ያርመው? ኩባያውን በግራ እጁ፣ ስልኩን በቀኝ እጁ ይዞ ጥያቄውን ጀመረ። ዕድሜ ጠየቀ። ሲጋራ ጠየቀ። ስለ አረቄ ሲጠይቃት እኔ በጌታ ያለሁ ሴት ነኝ ብላ ተቆጣች። ስፖርት ይሠራሉ ወይ ሲላት ደግሞ ሳቀች፤ አንድ ቀን ላንቴ አብረኸኝ ና አለችው። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ።

«ምግብዎ ላይ ጨው ይጨምራሉ?»

«ምግብ ላይ? አልጨምርም።»

አልዋሸችም። የእኛ ኩርኩፋ የበቆሎ ዱቄትና የሽፈራው ቅጠል ነው፤ ጨው እምብዛም አይነካውም። ጨው ያለው ናትናኤል በግራ እጁ የያዘው ኩባያ ውስጥ ነው። እሱም ፉት ይላል፣ «አይጨምሩም» የሚለውን ይነካል፣ እንደገና ፉት ይላል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አየዋለሁ። የሚያስፈልገው ሦስት ቃል ነበር፤ ቱኬው ጨው አለው። ሦስት ቃል ስንት ኪሎ ይመዝናል?

ስልኩ አረንጓዴ ልብ አወጣ። ናትናኤል ወደ እኔ ዞሮ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ የጎደለ ጥያቄ አለ ወይ አለኝ። ጥሩ ነው አልኩ። የነገርኩት ለእግሮቼ ነው።

አፑን አክስቴ ስልክ ላይ ጭኖላት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኩራቷን የቻለው የለም። ሙዙን ቀንሺልን ለሚላት ሁሉ መጀመሪያ ልቧን ታሳየዋለች። ይህስ ባልከፋ። ግን ከዚያ በፊት ማጅራቷን ያማት ነበር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ ብላ ስትወተውታት ሰኞ እሄዳለሁ ብላ ነበር። ሰኞ ደረሰ። ስልኩ ጤነኛ ነሽ ብሎኛል፣ ነርስ ምን ልትጨምርልኝ ነው ብላ ወደ ላንቴ ሄደች። ቱኬዋን ጠጥታ ነው የሄደችው። ያፈላሁት እኔ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት፣ ላንቴ ላይ፣ ዘለላው ከቀኝ እጇ ወደቀ። በመጀመሪያ ሰው ሳቀ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል እጇ እንቢ አላት፤ አፏም ጠመም አለ። ያን ጊዜ መሳቁ ቀረ። ሙዝ በጫነችበት ባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። ሳይታወቅ የቆየ የደም ግፊት ነው ተባለ።

ተመስገን፣ ተረፈች። አፏ ቶሎ ተመለሰ፤ ሥራ ስለሚበዛበት መሰለኝ። ቀኝ እጇ ግን የተመለሰው ግማሹ ነው። አሁን ሙዙን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ እሷ ትከራከራለች። ዘጠነኛ ክፍልም ሳልመዘገብ ቀረሁ። ከጨውና ከጨዋ የትኛው እንደጎዳት ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ስላላት ወጡን አልጫ አደረግነው። ቱኬውስ? ጨው የሌለው ቱኬ ሣር ነው ብላ ትመልሰዋለች። እኔም በጣቴ ጫፍ ቆንጥሬ ጣል አደርጋለሁ። እንቢ ማለትም እኮ አፍ ይፈልጋል።

ባለፈው ሳምንት ናትናኤል ተመልሶ መጣ። የአክስቴን እጅ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ምን አመለጠን ብሎ ጠየቀ። ጓዳው ቅርብ ነበር፤ አልገባሁም።

«ቱኬው ጨው አለው» አልኩ።

አልሰማኝም። ደገምኩት። በሦስተኛው ቱኬ ምንድን ነው አለኝ።

«ያኔ ሾርባ ያሉት።»

 ከዚያ እዚያው ቁጭ ብሎ አዲስ ጥያቄ ጻፈና ለአክስቴ አነበበላት፤ ቱኬ ላይ ጨው ይጨምራሉ?

«አልጨምርም» አለች ሳታመነታ።

እኔና ናትናኤል ዞረን አየናት።

«ምን ታዩኛላችሁ? እኔ መቼ አፍልቼ አውቃለሁ? የምትጨምረው እሷ ናት» ብላ በደህናው እጇ ወደ እኔ ጠቆመች።

አክስቴ ለስልክ ዋሽታ አታውቅም። አረንጓዴው ልብ እንደገና ወጣ።

ናትናኤል ጥያቄውን መልሶ ከፈተና ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። «እጨምራለሁ» የሚለውን ነካሁ። ልቡ ቀይ ሆነ፤ ከሥሩም ጽሑፍ መጣ። አክስቴ ምን ይላል አለችኝ። እንግዳ ፊት ጮክ ብዬ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው።

«ልብ ይበሉ።»

ይሄ ስልክ አሁንም ሥጋ አምሮታል አለች በጋሞኛ። ናትናኤል እንድተረጉምለት ጠበቀኝ። አልቻልኩም፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ያቃተኝ አፍሬ ሳይሆን ሳቄ አላስወራ ብሎኝ ነው።