የአሮጌው መስኮት መዘጋትና የሒሳብ ሹሙ ዓይኖች

ቀን፦ የወሩ የመጨረሻ ሰኞ፤ ለ3፡00 ተጠርቶ 4፡10 ተጀመረ
ቦታ፦ የድጎማ ቢሮ መሰብሰቢያ ክፍል
የተገኙ፦ ሰብሳቢ፣ ሒሳብ ሹም፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ፣ ዘበኛው (ምልዓተ ጉባኤ እንዲሞላ ከበር የተጠሩ)፣ ጸሐፊ
በጥሪ፦ ጡረተኛው በያጅ ጋሼ እሳቱ፣ የድጎማ ተቀባይ፣ ዓይነ ስውር

አጀንዳ 1፦ ተረጂዎችን ከአሮጌው መስኮት ወደ አዲሱ ሲስተም ማዛወር

ሒሳብ ሹሙ መስኮቱ ዛሬውኑ ይዘጋ አሉ። ተረጂዎች ይንገላታሉ ለሚል ስጋት “ካልደፈረሰ አይጠራም” ሲሉ መለሱ። ዘበኛው “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፣ አዲሱ መጀመሪያ ይሞከር” ቢሉም፣ የተጠሩት ለቁጥር ማሟያ ብቻ መሆኑ ተገለጸላቸው። ከረጅም ውይይት በኋላ መስኮቱ እንዲዘጋ ተወስኖ ወዲያው ተቆለፈ።

አጀንዳ 2፦ የመጀመሪያው ተዛዋሪ ምዝገባ

ሲስተሙ ጋሼ እሳቱ ካሜራውን እያዩ ዓይናቸውን ሁለት ጊዜ እንዲያርገበግቡ ጠየቀ። ጋሼም ካሜራው የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁ። ባለሙያዋ ዛሬ ያልተመዘገበ የዚህ ወር ድጎማ እንደሚቀርበት አስረዳች። ጋሼ “የቤት ኪራዬ በሱ ነው። አከራዬ ደግሞ ሲስተም አያውቅም፤ የሚያውቀው እኔን ማስወጣት ነው” አሉ።

ሰብሳቢው ዓይን በውክልና ማርገብገብ ይቻል እንደሆነ ለውይይት አቀረቡ። ተወካዩ በአንድ ዓይን ወይስ በሁለቱም በሚለው ላይ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ሒሳብ ሹሙ “ምን ያጨቃጭቃል፣ እኔ አርገበግብላቸዋለሁ” ብለው በሁለቱም አርገበገቡ። ሲስተሙ “ተመዝግበዋል” አለ። ተጨበጨበ።

አጀንዳ 3፦ (ድንገተኛ)

ባለሙያዋ ሲስተሙ በጋሼ ስም የተመዘገበው ፊት በሠራተኞች መዝገብም እንዳለ ደርሶበት፣ አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይበላም በማለት የጋሼን ድጎማና የሒሳብ ሹሙን ደመወዝ አብሮ ማገዱን አስታወቀች። ቅሬታ ያለው በአካል ቀርቦ ማመልከት የሚችለው በአሮጌው መስኮት ብቻ ነው። ሒሳብ ሹሙ የተናገሩት ለቃለ ጉባኤ ስለማይመጥን አልተጻፈም። ከተረጋጉ በኋላ የቆጡንና የብብቱን ምሳሌ እንደ ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ። ዘበኛው ደገፏቸው።

ውሳኔ፦ ያለ ረጅም ውይይት፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ መስኮቱም አሁኑኑ እንዲከፈት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ስብሰባው 6፡20 ሲበተን፣ በመስኮቱ በኩል አልፈው የማያውቁት ሒሳብ ሹም ሰልፉ ከየት እንደሚጀምር ጠየቁ። ጋሼ እሳቱ ዱላቸውን አንስተው “አይዞህ ልጄ፣ ትከሻዬን ያዝ፤ እኔ አሳይሃለሁ” አሏቸው።