ጋሽ ገብረሰንበት አባ ጃንጥላ ስለ የካ አባዶ የልጆች አውቶቡስ ወደ ቦሌ እንደ ዘመቱ

ይህች ልጅ ሰኞ ጠዋት በምን ተሳፍራ፣ ማን እጇን ይዟት ቦሌ ትደርሳለች? ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ራሴን ስጠይቅ ሰንብቼ መልሱን አላገኘሁትም፤ የሆነውን ግን እንደ ሆነ እጽፋለሁ።

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ባለቤቴ ኀያሉ ገብረሰንበት፣ ጃንጥላ ከእጃቸው ስለማይለይ በማዕረግ ስማቸው አባ ጃንጥላ፣ ከፖስታ ቤት በክብር ጡረታ በወጡ በስድስተኛው ዓመት፣ የኦሎምፒያውን የኪራይ ቤት ለቀን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባን በአራተኛው፣ ውሃ ሲመጣ እልል በሚባልበት፣ የደረጃው አምፖል ተሰርቆ ሰው በስልኩ መብራት በሚወጣና በሚወርድበት፣ በብሎክ ኮሚቴው ሊቀ መንበር በሃይለኣብ ዘመን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ይህ ታላቅ ነገር ተደረገ።

በውእቱ መዋዕል የልጅ ልጃችን ዳናይት የምትማርበት፣ ቦሌ ያለው ትምህርት ቤት ቦርድ ሐሙስ ማታ በወላጆች ቴሌግራም ላይ አዋጅ አወጣ። ይህ ቦርድ አዋጅ ይወዳል፤ ስለ ካልሲ ቀለም ያውጃል፣ ስለ ጠፋ ምሳ ዕቃ ያውጃል፣ ትናንት ያወጀውን ዛሬ ይቅርታ ብሎ መልሶ ያውጃል። ይህኛው ግን ይቅርታ አልነበረበትም። «ክቡራን ወላጆች! የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የበጀት ማሻሻያ ቅዳሜ በአዳራሻችን ይቀርባል። ቦርዱ የየካ አባዶ መስመር ሰርቪስ ከሰኞ ጀምሮ እንዲቀርና በምትኩ የኳስ ሜዳችን ሰው ሠራሽ ሣር እንዲለብስ ሐሳብ አቅርቧል። ውሳኔው በወላጆች ድምፅ ይሆናል። ያልተገኘ ወላጅ በውሳኔው እንደተስማማ ይቆጠራል።» ከሥሩም የጽጌረዳ ሥዕል ለጥፈዋል። ልጅን ከአውቶቡስ አውርዶ ጽጌረዳ መላክ ምን የሚሉት ነው?

ያ አውቶቡስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መልክ የለውም። ዳገት ላይ ያስላል፤ አንዱ መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል። ነገር ግን ዳናይትን ከብሎካችን በር ተቀብሎ ትምህርት ቤቷ በር ላይ ያወርዳታል፤ እኔም ከሰገነት ሆኜ ስትገባ አያታለሁ። እሱ ከቀረ ግን አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ በጠዋት ተሰልፋ፣ እስከ መገናኛ በታክሲ ሄዳ፣ መገናኛ ወርዳ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ሰንጥቃ፣ ሌላ ታክሲ ትይዛለች ማለት ነው። ብትተኛስ? ብታልፍስ? የቦሌው መስሏት የሾላ ገበያ ታክሲ ውስጥ ገብታ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ብትራገፍስ? እናቷ ማዕዛ ኤርፖርት ነው የምትሠራው፤ ሥራዋ ፈረቃ ነው፣ ዛሬ ሌሊት ነገ ቀን። አባቷ የመንገድ ሥራ ይዞት ክፍለ ሀገር ነው። የእኔን ጉልበት ደግሞ ደረጃው ያውቀዋል።

ወእምዝ ኀያሉ ገብረሰንበት ስለዚህ ነገር ተቆጡ፤ ሻያቸውንም ሳይጨርሱ ተነሡና በብሎኩ ግቢ ውስጥ አዋጅ አስነገሩ። «የየካ አባዶ ወላጅ ሆይ! ቅዳሜ ተከተለኝ። እኔ እድል ጠይቄ እናገራለሁ፤ የምናገረውን ከሰሙ በኋላ እጁን ለሣር የሚያወጣ አይኖርም!» እኛም አመንን። በፖስታ ቤት ዘመናቸው ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰው ሻይ መጠጣት ያቆም ነበር ይባላል።

የተከተሏቸውም መኳንንት ዋቅቶላ የናኦሚ አባት፣ ከበላያችን ፎቅ የሚኖር፣ ሲዘምር እስከ ምድር ቤት የሚሰማ፤ ወይዘሮ አሰፋሽ የሊባን እናት፣ ደላላ ከሩቅ ሲያያት መንገድ የሚቀይርላት፤ ኢምራን የሀይደር አባት፣ የጾም መያዣን የሚያህል ገበያ ትቶ ሱቁን የዘጋ፤ ከኋላም እኔ፣ የደም ግፊት ኪኒናቸውን፣ ውሃና ለክፉም ለደጉም ብዬ አንድ ሹራብ ይዤ። ዳናይት ዕረፍት ከሆነችው እናቷ ጋር ቤት ቀረች።

በየካቲት፣ በሥላሴ ዕለት፣ ጠዋት ከየካ አባዶ ተነሥተው ሲኤምሲን አልፈው መገናኛ ሰፈሩ። በመገናኛም ብዙ ቆዩ፤ ታክሲ አልነበረምና። በመጨረሻ አንድ ረዳት ከሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ቦሌ! ቦሌ! ፋዘር፣ ጃንጥላዋን ሰብሰብ አርጓት፣ የሰው ዓይን ልታወጡ ነው! ማዘር፣ ጠጋ ጠጋ፣ ሦስት ሰው ይገባል እዚህ ጋ!» ብሎ አወጀ። ኀያሉም ጃንጥላቸውን ሰብስበው፣ በአንድ ወፍራም ሰውዬና በአንድ የበግ ቆዳ መካከል ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ቦሌ ገቡ።

በአዳራሹም የቦሌ ወገን ቀድሞ የፊቱን ወንበር ይዞ፣ የመኪና ቁልፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። የእኛ ሠራዊት ከኋላ፣ ከተሰባበሩት ዴስኮች አጠገብ ሰፈረ። የቦርዱ ሰብሳቢ ኢንጂነር ዘርአጽዮን ማይክራፎኑን ሦስቴ ነፍቶ ሞከረና በጀቱን ማንበብ ጀመረ። የጄኔሬተር ናፍጣውን አነበበ፣ የጥበቃዎቹን ደንብ ልብስ አነበበ፣ የጠመኔውን ሲያነብ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣ እንደገና ከናፍጣው ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ሰብሳቢው አስተያየት ያለው እጁን ያውጣ ባለ ጊዜ፣ አባ ጃንጥላ ቀኝ እጃቸውን ከእነ ጃንጥላው ወደ ላይ አቀኑ። እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው መናገር ያስፈልጋል። እሳቸው በወጣትነታቸው የለመዱት ስብሰባ፣ እጁን ያወረደ ሰው ተራው የሚሰረዝበት ስብሰባ ነው። ስለዚህ እድል እስኪሰጣቸው ድረስ እጃቸውን አያወርዱም፤ ክንዳቸው ሲዝል በግራ እጃቸው ክርኑን ይደግፉታል እንጂ አያወርዱትም። እንዲሁ ቆመው እንደ ባንዲራ እንጨት ተተክለው ቀሩ።

እድሉ ግን ወደ ፊት ወንበር ሄደ። አንዲት የቦሌ እናት ተነሥታ «ልጆቻችን አቧራ ላይ እየወደቁ ጉልበታቸው አለቀ! ነጭ ካልሲ አልብሼ ልኬ ቡኒ ካልሲ ነው የምቀበለው! እስከ መቼ?» ብላ አወጀች። አሰፋሽ ይህን ስትሰማ እድል ሳትጠይቅ ከኋላ ብድግ አለች፤ እንዲህ ስትልም ቃሏን አሰማች፤ «የእናንተ ካልሲ ይታጠባል፣ የእኛ ልጅ መገናኛ ላይ ከጠፋ በምን ይታጠባል? ሣሩ ላይ ለመጫወትኮ እመቤቴ፣ አስቀድሞ እዚህ መድረስ ያስፈልጋል! ወይስ ልጄ ሣሩን በቴሌግራም ነው የሚጫወትበት?» የኋላው ሠራዊት አጨበጨበ። ከፊት ያሉትም አንዳንዶቹ ሳቁ። ድሉ ወደ እኛ አዘነበለ፤ ገብረሰንበት ብቻ ይናገሩ፣ ብቻ ተራቸው ይድረስ።

ሰብሳቢው ግን ሰዓቱን አየ። «ጊዜ የለንም። ወደ ድምፅ! የሜዳውን ሐሳብ የሚደግፍ እጁን ያውጣ!»

እጅ ወጣ። የአባ ጃንጥላ እጅ ግን አስቀድሞ ወጥቶ ነበር።

እኔ ኮታቸውን ከኋላ ጎተትሁ። አሁንም ጎተትሁ። ተራቸውን ላሰርዝባቸው መስሏቸው በዓይናቸው ገሠጹኝ፤ ይባስ ብለው ጃንጥላውን አንድ ክንድ ከፍ አደረጉት። መምህር ጸጋይ በወንበሮቹ መካከል እየዞረ በጣቱ ቆጠረ፤ እሳቸው ጋ ሲደርስ ጭራሽ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ቆጠራቸው። ይህም ሲሆን፣ ሰብሳቢው «የሚቃወም እጁን ያውጣ!» ብሎ ባወጀባት በዚያች ቅጽበት፣ ያ የበጀቱ ንባብ ካበቃ ጀምሮ የቆመው ክንድ፣ ሥጋ ነውና፣ ዛለና ወረደ።

ሣሩ በአንድ እጅ አሸነፈ።

ገብረሰንበት ነገሩ የገባቸው ጭብጨባው ሲነሣ ነው። ወደ ፊት ተራምደው በአዳራሹ መካከል በታላቅ ድምፅ «ክቡር ሰብሳቢ! እኔ እጄን ያወጣሁት ለመቃወም እድል ለመጠየቅ ነው!» ብለው አወጁ። ሰብሳቢውም በማይክራፎኑ፣ ፈገግ ብሎ፣ «አባታችን፣ ድጋፍዎን ሁላችንም አይተናል፣ ዕድሜ ይስጥልን! ቃለ ጉባኤው ተዘግቷል። ውጭ ለስላሳ ተዘጋጅቷል» አለ። ከእኛ ወገን ለስላሳውን የቀመሰ የለም። ኢምራን ብቻ አንድ ጠርሙስ ለሀይደር ብሎ በኪሱ ከተተ።

የመመለሻውን ጉዞ ባልጽፈው ደስ ባለኝ። ሲሄዱ በአንድ ታክሲ የሄዱት፣ ሲመለሱ በየታክሲው ተበተኑ። ዋቅቶላ ብቻ ከእኛ ጋር ቀረ፤ መገናኛ ሰልፍ ላይም «ጋሼ፣ ጌታ ያውቃል፣ አይዞዎት» አለና የሚጨምረው ስላጣ የሰልፉን ርዝመት አደነቀ።

በማግስቱ እሑድ ቅበላ ነበር። ዶሮው ከነዕንቁላሉ ፊታቸው ቀረበ፤ ከዚህ በኋላ እስከ ፋሲካ ሥጋ የለም፣ አንዴ ቅመሱልኝ ብዬ ለመንኋቸው፤ ጉርሻዬን እንኳ በእጃቸው ጀርባ መለሱት። ከተጋባን ወዲህ ቅበላ ዕለት ዶሮ እምቢ ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሐኪም ልጥራ ይሆን ብዬ ማዕዛን አማከርሁ።

ይህም ሳያንስ ከሰዓት በኋላ ቦርዱ ሌላ ዜና አወጣ፤ ከነፎቶግራፉ። በፎቶግራፉ ላይ፣ በመካከል፣ ከሁሉ ጎልተው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ሰይፍ ወደ ጣራው መዝዘው የቆሙት ገብረሰንበት ናቸው። ጽሑፉም «አንጋፋ ወላጆች ሳይቀሩ ለአዲሱ ሜዳ ያላቸውን ድጋፍ በጋለ ስሜት ገለጹ» ይላል። ጽጌረዳዋም አልቀረች።

ያኔ ቴሌግራሙ ጋለ። አንዱ የቦሌ አባት «እኚህ አባት ለቡድኑ አሠልጣኝ ይሁኑልን» ብሎ ቀለደ። የአሰፋሽ የድምፅ መልእክት ግን ቀልድ አልነበረም፤ ሳል ብላ ጀመረች፤ «ጋሼ ገብረሰንበት፣ እግዜር ይይልዎት! ያንን ያወጡትን እጅ ሰኞ ሊባንን ይያዙበት። ዐሥራ ሁለት ሰዓት በርዎ ላይ አቆመዋለሁ፣ እኔ ሥራ አለብኝ። አንደኛ ክፍል ነው፣ ካልያዙት ይሮጣል፣ ነግሬዎታለሁ!»

ዳናይት ፎቶግራፉን በሁለት ጣቷ አሳድጋ አየችው። አያቷንም ዞራ አየቻቸው፤ እሳቸው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ከዚያ የእናቷን ስልክ ይዛ መኝታ ቤት ገባችና፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ወላጅ በሞላበት ቴሌግራም ላይ በገዛ ድምፏ አዋጅ ለቀቀች። «ዳናይት ነኝ፣ አምስተኛ ቢ። አቦይ እጁን ካወጣ ሊናገር ነው። ቤትም እንደዚያ ነው፣ ራት ላይ ጨው ሲፈልግ ራሱ እጁን ያወጣል። እስኪሰጡት አያወርድም። ደግሞ እሱ ሣር አይወድም፣ ያስነጥሰዋል።»

ቦርዱም «ለሰጡን ገንቢ አስተያየት እናመሰግናለን» ሲል መለሰ። ውሳኔው ግን አልተመለሰም፤ አውቶቡሱም ቀረ። ገብረሰንበት ያን የድምፅ መልእክት ከመስኮቱ ሆነው ሰምተውታል፤ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ሲወለውሉት አይቻለሁ።

ሰኞ፣ ጾሙ በገባ ዕለት፣ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ሊባን ቆሟል፣ ቦርሳው ከሱ ይበልጣል። ከኋላው ናኦሚ፣ ከናኦሚ ኋላ ሀይደር፤ ዋቅቶላና ኢምራን ልጆቻቸውን እስከ በራችን አድርሰው፣ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ በጨለማው ደረጃ ወርደዋል። አሰፋሽ አንዱን ልጅ ላከች ስል የብሎኩ ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ እኛ ቤት መጣ። አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ልጅ እንዴት አድርጎ ነው መገናኛ ላይ የሚቆጥረው? ገብረሰንበት ግን ተላጭተው፣ ጫማቸውን ጠርገው፣ የፖስታ ቤቱን ኮት ለብሰው ሳሎን ቆመው አገኘኋቸው። መቼ እንደ ተነሡ አላወቅሁም።

እኔም ኪኒናቸውን ኪሳቸው ከተትሁ፤ ልጆቹን በር በር እንዳያስቀምጧቸው፣ ሊባንን ኮሌታውን እንዲይዙት፣ መገናኛ ላይ ማንንም ሰዓት እንዳይጠይቁ፣ የደረሱ እንደ ሆነ እንዲደውሉ፣ ስልክ ሲያወጡም ሌባ እንዲያዩ አሳሰብሁ። እሳቸው የዳናይትን የሹራብ ቁልፍ እየቆለፉ ነበር።

ኦ ገብረሰንበት፣ አባ ጃንጥላ! የፖስታ ቤት ዓምድ፣ የአራተኛው ፎቅ ጌታ፣ ክንዱ በካልሲ ሙግት ያልታጠፈ፣ በቦሌ አዳራሽ ብቻውን የቆመ፣ ዶሮ ቀርቦለት ያልቀመሰ! አንተን የሚመስል ከመገናኛ ወዲህ ማን አለ፣ ከሲኤምሲስ ወዲያ ማን ተገኘ? ሰልፍ የማይረታህ፣ ረዳት የማያዋርድህ፣ የብሎኩ ሕፃናት ሠራዊት የሆኑልህ መዋዒ፣ ድል አድራጊ! ክብር ይደልዎ ለስምህ፤ እግርህንም ከአስፋልት ጉድጓድ፣ ልብህንም ከሰው ምላስ ይጠብቅልኝ።

የዳናይትን ቦርሳ በትከሻቸው አንግተው፣ ሊባንን ከፊት አስቀድመው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።