ለተማሪ የሚያስቡት ምክትላችን

ክፉ ሰው ልጅ ሲጎዳ ሁላችሁም አይታችኋል። አሳቢ ሰው ልጅ ሲጎዳስ? ካላያችሁ ወደ አስመራ ብቅ በሉና ከመሀል አገር የተሾሙልንን፣ ትግርኛ የማይሰሙትን የትምህርት ቤታችንን ምክትል ዲሬክተር ላስተዋውቃችሁ። እኚህ ሰው አይማቱም፣ አይቆጡም፤ እንዲያውም ዓርብ ዓርብ የተማሪ ችግር የሚሰሙበት ክፍል ከፍተዋል። የአማርኛ መምህሩ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እመዘግባለሁ። በሩ ላይ «ችግር የሚሰማው በአማርኛ ብቻ ነው፤ አስተርጓሚ አይፈቀድም» የሚለውን ደንብ አሳምሬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓርብ ከከተማው ውጭ ካለው ከዓዲ ኣበይቶ መንደር በእግሯ የምትመጣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ገባች። በማርፈድ ብዛት ልትባረር ነው። አማርኛ የጀመረችው ደግሞ ዘንድሮ ነው።

«መምህር፣ ኣቦይ ተኣሲሩ...» አለች። አባቷ ታስሯል፤ ጠዋት ጠዋት ምግብ የምታደርስለት እሷ ናት።

«በአማርኛ፣ ልጄ፣ በአማርኛ!» አሉ ምክትሉ ሻሂያቸውን እያማሰሉ። «አይዞሽ፣ እኔም አባትሽ ነኝ። እንዴት ነሽ?»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች። ትግርኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ነገሩን ለማስረዳት ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር። ግን ደንብ ደንብ ነው አይደል?

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች በመጨረሻ።

«አየህ መምህር? ምንም ችግር የለባትም! ያለምክንያት የምታረፍድ ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ሰኞ ተባረረች።

ያቺን መልስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በቃል ፈተናም ከአሥር አሥር ሰጥቻት ነበር።