እማማን ትሸረሽራቸዋለህ?

(ሁለት ሰዎች ቢሮ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠዋል። አንዱ ቤተሰቡ «ሊቁ» የሚለው የምስል ትንተና ባለሙያ፣ ሌላው የእህቱ ባል ነው። ስክሪኑ ላይ የሊቁ እናት ሳሎን ይታያል።)

አማች፦ ተበላሽቷል እኮ ነው የምልህ! ሁሉም ነገር አመድ መስሏል።

ሊቁ፦ አልተበላሸም አልኩህ! ርቀት የሚለካ ካሜራ ነው። ቀለም አያውቅም። ቅርብ ያለው ይነጣል፣ ሩቅ ያለው ይጠቁራል።

አማች፦ እኔም ራቅ ካልኩ እጠቁራለሁ?

ሊቁ፦ አንተማ ቀርበህም አልበራልህ! ስማ፣ እማዬ ወድቃ እጇ ከተሰበረ ወዲህ የምጠብቃት በዚህ ነው። ማሽኑ ቅርጿን ለይቶ ያወጣል፤ ከወደቀች ስልኬ ይጮሃል።

አማች፦ ቅርጽ እንዴት ነው የሚወጣው?

ሊቁ፦ በሒሳብ ነዋ! መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙን ትሸረሽራለህ፤ ጥቃቅኑ ኮተት ይጠፋል። ከዚያ የተረፈውን መልሰህ ታወፍራለህ።

አማች፦ (ደንግጦ) እማማን ትሸረሽራቸዋለህ?

ሊቁ፦ ምስሏን!

አማች፦ እሳቸው እንደሆኑ ድሮም አጥንት ናቸው። ከተሸረሸሩ ምን ሊተርፋቸው?

ሊቁ፦ እውነትህን ነው፤ አንድ ቀን አብዝቼው ማሽኑ «ክፍሉ ባዶ ነው» አለኝ። አሁን አስተካክያታለሁ።

አማች፦ አወፈርካቸው? ሐኪሙ እንኳ ያቃተውን!

ሊቁ፦ (በኩራት) ይኸው እይ! ክቡ ራሷ፣ ሰፋ ያለው ትከሻዋ። ወንበሯ ላይ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም።

አማች፦ ንቅንቅ?

ሊቁ፦ ዘንድሮ ገና ሰማችኝ! «አርፈሽ ተቀመጪ» ብዬ ስንት ለፍልፌያለሁ።

አማች፦ ውሃም አልጠጡ? ሽንት ቤትም አልሄዱ?

ሊቁ፦ (ፈገግታው ይከስማል) አልሄደችም። ቆይ... (ስልክ ይደውላል) አታነሳም! ወይኔ! ማሽኑ መውደቋን እንጂ... ተቀምጣ ብትሞት አይነግረኝም!

አማች፦ ተረጋጋ ጋሼ። አይሞቱም።

ሊቁ፦ በምን አወቅህ?

አማች፦ ካፖርት አይሞትም።

ሊቁ፦ የምን ካፖርት?

አማች፦ የእሳቸው ነዋ። ጠዋት ወንበሩን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ጭንቅላቱ ትራስ ነው፤ ሻሽ አስሬበታለሁ።

ሊቁ፦ (እየጮኸ) እናቴስ?!

አማች፦ ከጎረቤታቸው ጋር ሊናፈሱ ወጥተዋል። «ልጄ መጥቶ ሊያየኝ ከፈለገ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ፤ ከቢሮው ሆኖ ለሚያየኝ ግን ካፖርቴ ይበቃዋል» ብለዋል።